ከቤት ለቤት፦ ፈሪውን ሻርካን እንዴት አለመድነው?



በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ወላጆች ስብሰባና ስለ ኩፓት ሆሊም ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ የምንጽፈው ስለ አንዲት ትንሽ እንስሳ ነው። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ሆኖም በብዙ ቤት ወላጅና ልጅ ስለሚከራከሩበት ቢነገር ይጠቅማል ብለናል።

እዚህ ፔታህ ቲክቫ በምንኖርበት ሕንፃ አንድ ጎረቤት ቤት ሲለቅ ሻርካኑን ከነሽቦ ቤቱ ደረጃ ሥር ትቶት ሄደ። ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አግኝታ ይዛው ገባች። ጠጉሩ ተንጨባሯል፣ ጥፍሩ አድጎ ተቆልምሟል፣ የተኛበትም ጋዜጣ በሽንት ርሷል። እጃችንን ወደ እሱ ስንዘረጋ ጥግ ይዞ እንደ ድንጋይ ድርቅ ይላል።

አያቷ አይታ ጮኸች። «በአገራችን ድመት የምናሳድገው አይጥ እንዲይዝልን ነበር። እዚህ ደግሞ አይጡን ራሱን ልናሳድግ ነው?» አለች። ልጃችን አለቀሰች። እኛም በሁለቱ መካከል ቆመን የምንለው ጠፋን።

በማግሥቱ ጠይቀንና አንብበን የተረዳነው ይህ ነው። ፈረንጆች ይህን እንስሳ «የጊኒ አሳማ» ይሉታል። ስሙ ሰውን ያሳስታል፤ አሳማም አይደለም፣ ከጊኒም አልመጣም። የትውልድ አገሩ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ሲሆን፣ የዚያ አገር ሰዎች ካላመዱት ብዙ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። ከአይጥ ጋር የሩቅ ዝምድና አለው። ነገር ግን ጭራ የለውም፣ ሥጋ አይበላም፣ ምግቡ ሣርና ቅጠል ብቻ ነው። በዕብራይስጥ ሻርካን የተባለውም ስለሚያፏጭ ነው፤ «ሊሽሮክ» ማለት ማፏጨት ነውና።

የሚፈራውም ያለ ምክንያት አይደለም። በዱር የሚኖሩት ዘመዶቹ የአሞራና የአውሬ ምግብ ናቸው። ስለዚህ ከላይ የሚወርድ እጅ ለእርሱ ጭልፊት ነው። ድርቅ ብሎ መቅረቱም ጨዋነት ሳይሆን ድንጋጤ ነው። ልጆች ግን «ዝም አለ፣ ወደደኝ» ብለው ይሳሳታሉ።

በሦስተኛው ቀን ልጃችን አሁንም እየጎተተች ልታቅፈው ስትታገል አያቷ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «ተይው! ከገበያ የመጣች ጊደር እንዲህ ትለመዳለች? መጀመሪያ ትታሰርና ትተዋለች። ቤቱን ታሽትተው፣ ድምፃችንን ትስማ። ከዚያ ጨው ከእጅ ታልሳለች። እጅሽን ስትወድ ራሷ ትመጣለች» አለቻት። ከብት እየጠበቀች ያደገች ሴት ናት። በዚህ አገር ስለ ምንም ነገር ጠይቀናት አናውቅም ነበር።

እኛም እንደ ነገረችን አደረግን። ለሻርካን ጨው አይሰጥም፤ በጨው ፈንታ ቅጠል ሰጠነው። ለሚቸገሩ ሁሉ በተራ እንጻፈው።

በመጀመሪያ መደበቂያ ስጡት። አንድ የካርቶን ሣጥን ሁለት በር ተቆርጦለት ይበቃል። ቤቱን ቴሌቪዥንና ጩኸት ከሌለበት፣ ሰው ግን ከሚያልፍበት ጥግ አስቀምጡት። ለጥቂት ቀናት ከመመገብና ከማጽዳት በቀር አትንኩት። አጠገቡ ተቀምጣችሁ ቀስ ብላችሁ አውሩ።

ቀጥሎ ከእጃችሁ መብላት ይልመድ። ፔትሮዚሊያ ወይም የጋምባ ቁራጭ በጣታችሁ ይዛችሁ ዝቅ ብላችሁ ጠብቁ። ካልመጣ ቅጠሉን አስቀምጡና ሂዱ። የእኛው በስድስተኛው ቀን ነጥቆ ሮጠ፤ በአሥረኛው ቀን እዚያው ቆሞ በላ። ስታነሡት አንድ እጅ ከደረቱ፣ አንድ እጅ ከኋላው በታች ይሁን። መሬት ላይ ተቀምጣችሁ ያዙት፤ ቢወድቅ አጥንቱ ይሰበራል።

ምግቡን በተመለከተ ዋናው ድርቆሽ ነው፤ ቀንና ሌሊት ከፊቱ አይጥፋ። ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ የሚሞርደው ድርቆሽ ማኘክ ነው። ከሱቅ ስትገዙ «ሐጺር» በሉ፤ «ካሽ» ካላችሁ ገለባ ይሰጧችኋል፣ ገለባ ደግሞ አያጠግበውም። እንደ ሰው ሁሉ ሻርካንም ቫይታሚን ሲ በሰውነቱ መሥራት ስለማይችል በየቀኑ ከምግቡ ማግኘት አለበት። ቀይ ጋምባ ለዚህ ጥሩ ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፣ አቮካዶና ቸኮላት አይሰጠውም።

ሙቀት ይገድለዋል። ከ27 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይቸገራል፣ በሻራቭ ቀን ሚርፔሴት ላይ ከተተወ ሊሞት ይችላል። በበጋ ከቤት ውስጥ፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። ክብደቱ ከቀነሰ በሽታ አለ ማለት ነው። ግማሽ ቀን ምግብ እንቢ ካለ ነገ ሳትሉ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። ለሰው የታዘዘ መድኃኒት ፈጽሞ አትስጡት፤ ፔኒሲሊን በአፍ ቢሰጠው ሊገድለው ይችላል።

ሻርካን ከመንጋ ጋር የሚኖር ፍጥረት ነው። በስዊዘርላንድ ከ2008 ጀምሮ አንድ ብቻውን ማሳደግ በሕግ ተከልክሏል። የምታሳድጉት ሁለት ከሆነ ሁለት ሴቶች ይሁኑ። ወንድና ሴት ከተገናኙ በሁለት ወር ገደማ ቤታችሁ ይሞላል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጅ እንስሳ ሲለምን ቶሎ እሺ አትበሉ። ሻርካን ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ይኖራል፤ ድርቆሹም ሐኪሙም ገንዘብ ይፈልጋሉ። አቅም ከሌለ አቅም የለም ማለት ነውር አይደለም። የተጣለ እንስሳ ካያችሁ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሞኬድ በ106 ደውሉ። በዚህ አገር በ1994 የወጣው የእንስሳት ጥበቃ ሕግ በእንስሳ ላይ መጨከንን ይከለክላል።

የእኛ ሻርካን ዛሬ ወሩን ይዟል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት ያፏጫል። በጣም የሚያፏጨው ግን ለአያትየዋ ነው። እርሷ አሁንም «አይጤ» ትለዋለች፤ ማለዳ ከቡናዋ በፊት ግን ቅጠሉን የምትቆርጠው እርሷ ናት። ልጃችንም አጠገቧ ተቀምጣ ስለ ጊደሮቹ ትጠይቃታለች፤ ስማቸው ማን እንደ ነበር፣ የትኛዋ ተዋጊ እንደ ነበረች። ባለፈው ሳምንት የሰባቱን ስም ቈጥራ ነገረችን። እኛ ሦስቱን እንኳ አናውቅም ነበር።