ሁለት መደብ፣ ሁለት ሚዛን

ባለፈው የሽንኩርት ወቅት አንድ ወንድም ሽንኩርት ይዞልን ቤት መጣ። ከረጢቱን አስቀምጦ፣ «ፓስተር፣ ያለ ሥጋት ብሉት። ይሄ ለራሳችን ብለን ከጓሮ ለይተን የተከልነው ነው፤ መድኃኒት አልነካውም» አለኝ። አመስግኜ፣ ባርኬ ሸኘሁት። ማታ ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ፦ መድኃኒት የነካውንስ ማን ይበላዋል?

የሸዋ ሮቢትን ቆላ ለሚያውቅ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በመስኖ የለማው ሽንኩርታችን በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። ትሪፕስ የሚባለው ደቃቅ ተባይ ሲያጠቃው ገበሬው መርጫውን በጀርባው አዝሎ ይረጫል። ተባዩ ሲለምደው መጠኑን ይጨምራል፤ አንዱን ከሌላው ይቀላቅላል። ከመጨረሻው ርጭት እስከ ነቀላ መቆየት ያለበት ቀን ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ነገር ግን ደላላው «ዋጋው የዛሬ ነው» ካለ ማን ይጠብቃል?

ስለ ምግብ ሲነሣ ጥፋቱን ሁሉ በትልልቅ እርሻዎችና በፋብሪካዎች ላይ መጣል ይቀናናል። እውነትም አለው፤ የበላተኛውን ፊት የማያይ ሰው ምግብን ሸቀጥ ብቻ አድርጎ ማየት ይቀለዋል። ይሁን እንጂ ያው ዓይን በሩብ ሄክታር ላይም ይገኛል። ለልጆቼ አንድ መደብ፣ ለማላውቀው ሰው ልጆች ሌላ መደብ ከተከልሁ፣ የመሬቴ ማነስ አያጸድቀኝም።

በዘዳግም 25፥13-16 እግዚአብሔር ለመግዣ አንድ፣ ለመሸጫ ሌላ መመዘኛ የሚይዘውን ሰው እንደሚጸየፍ እናነባለን። ወገኖቼ፣ ሁለቱ መደቦቻችን እነዚያ ሁለቱ ሚዛኖች ናቸው።

«ፓስተር፣ ካልረጨሁ ምን ልበላ ነው? የመሬት ኪራዩስ? የነዳጁስ?» የሚለኝ አለ። ልክ ነው። የእኔም ደመወዝ ከዚሁ ሽንኩርት ዐሥራት የሚወጣ ነውና በቀላሉ ልፈርድ አልችልም። አትርጩ አልልም። የምንችለውን እናድርግ ነው የምለው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቀን እንጠብቅ። የፀረ ተባይ አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥና እንዳይረጭ ይከለክላል፤ ምንነቱ ያልታወቀውን በርካሽ አንግዛ። መርጫውን ቦይ ውስጥ አንጠብ፤ ከበታቻችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ከብቱም ከዚያው ውሃ ይጠጣል። በዚያው ማሳ ላይ ሽንኩርት ከመደጋገም ማሾ እናፈራርቅ፤ ማሾ መሬቱን ይመግባል፣ የሽንኩርቱም በሽታና ተባይ ይቀንሳል።

ቤተ ክርስቲያንም ዕዳ አለባት። ቀን ጠብቆ ዋጋ የወረደበትን ወንድም ኪሳራውን ብቻውን እንዲሸከም ከተውነው፣ ስለ ባልንጀራ ፍቅር መስበካችን ከንቱ ነው። ስለ ልጁ ሕመም አብረን እንደምንጸልይ ሁሉ፣ ስለ ጎደለበት ገንዘብም አብረን እንምከር፤ አብረንም እንካፈል።

ያ ወንድም በፍቅር ነው ያመጣልኝ፤ አልወቅሰውም። አሜን ብዬ የተቀበልሁት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ወቅት ግን እንዲህ እለዋለሁ፦ «ከጓሮው ተወው። ለአይሱዙ ከሚጫነው አምጣልኝ።» እኔና ቤተሰቤ ያለ ሥጋት የምንበላው ከሆነ፣ ያን ጊዜ እውነተኛ በረከት ይሆናል።

ጌታ አንድ ሚዛን ይስጠን።