ከሽርጥ ጋራ የሚታጠቅ የገንዘብ ቦርሳ እንዴት ያለ ይሁን?



ኪስ የሌለው ልብስ የለበሰ ሰው ገንዘቡን የት ያኑር? ሱሪ ለብሶ በመሥሪያ ቤት ለሚውል ሰው ይህ ጥያቄ ቀላል መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ወለንጪቲ፤ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ ለሚወርድ ነጋዴ፤ ከዚያም የሚመጡትን ደንበኞች ለሚያስተናግድ ባለሱቅ የዕለት ገበያ ጉዳይ ነው። በዚያ በኩል ከከረዩና ከአፋር ወንዶች ብዙዎቹ ሽርጥ ያሸርጣሉ፤ በየከተማው ካሉት ነጋዴዎችም ሽርጥ የሚመርጡ አያሌ ናቸው። ሽርጥ ለቆላ ሙቀት የተስማማ፤ አየር የሚያስገባ፤ ሲቀመጡም ሲነሡም የማያስቸግር ልብስ ነው። ኪስ ግን የለውም።

በዚህ ነገር አስተያየት እንድሰጥ ያነሣሣኝ የራሳችን ጥፋት ነው። አሠሪዬ ባለፈው ዓመት ከውጭ አገር የወገብ ቦርሳ አስመጥተው ነበር። የትእዛዙን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። በደብዳቤው ላይ የቦርሳውን ቀለምና ብዛት፤ የማሸጊያውን ዐይነትና የአከፋፈሉን ሁኔታ በጥንቃቄ ስዘረዝር፤ ቦርሳውን የሚታጠቀው ሰው ምን እንደሚለብስ አንዲት ቃል አላሰፈርሁም። ዕቃው ሲደርስ መልኩ ያማረ ነበር። ነገር ግን ለሱሪ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ማንገቻው ጠባብ፤ ዘለበቱ ፕላስቲክ፤ ቆዳ መስሎ የሚያብለጨልጨውም ሰው ሠራሽ ነበረ።

ሦስት ወር ያህል ቈይቶ አንድ የመተሐራ ፍየል ነጋዴ፤ ዕድሜያቸው የገፋ ደንበኛችን፤ ቦርሳውን ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። በገበያ መካከል ዘለበቱ ተሰብሮ የአሥራ አንድ ፍየል ዋጋ ጠፍቶባቸዋል። «ልጄ፤ ማንገቻው ሽርጤንም የያዘው እሱ ነበር። በሁለት እጄ ሽርጤን ስይዝ ገንዘቡን ለቀቅሁት» አሉኝ። የቦርሳውን ዋጋ መለስንላቸው፤ የፍየሎቹን ዋጋ ግን ማን ይመልሳል? እሳቸው ሄደው ከወጡ በኋላ የትእዛዙን ደብዳቤ ግልባጭ ከፋይሉ አውጥቼ ደጋግሜ አነበብሁት።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ ልብስ የሚይዘው ቀበቶና ገንዘብ የሚሸከመው ቀበቶ አንድ ሊሆን አይገባም። ሱሪ ከወገብ ላይ በቁልፉ ስለሚቆም ቀበቶው ቢላላ ችግር የለውም፤ ሽርጥ ግን በእጥፋቱና በመታጠቂያው ብቻ ይቆማል። በእሱ ላይ የሳንቲም ክብደት ሲጨመርበት ቀስ በቀስ ወደ ታች ይስባል። ይህንን ችግር ከእኛ በጣም ርቀው የሚኖሩት እስኮትላንዶችም ያውቁታል። ኪልት የሚባለው የወንዶቻቸው ጕርድ ልብስ ኪስ ስለሌለው ስፖራን የተባለ ቦርሳ በፊት ለፊት ያንጠለጥላሉ፤ ቃሉም በጌሊክ ቋንቋቸው ቦርሳ ማለት ነው። ኪልቱ በራሱ ጠፍርና ዘለበት ሲታሰር፤ ስፖራኑ ደግሞ በራሱ ማንገቻ ወይም ሰንሰለት ለብቻው ይታጠቃል። ለክብረ በዓል ጠጕር ያለው፤ ለዕለት ሥራ ግን ያልተሽቀረቀረ ቆዳ ይመርጣሉ። ሲጨፍሩም ወደ ጎን ያዞሩታል። ጭፈራው ለእኛ ጕዳይ አይደለም፤ ነገር ግን ቦርሳን ወደ ጎን ማዞር መቻል ግመል ለሚጭን ወይም መኪና ለሚነዳ ሰው ትልቅ ነገር ነው። የእኛዎቹ ቦርሳዎች ከማንገቻው ጋራ የተሰፉ ስለ ነበሩ ሰውየው ሲጐነበስ ሆዱን ይወጉታል።

ከቅርብም ምሳሌ አለ። እናቶቻችን ገንዘባቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ይቋጥሩ ነበር፤ መቀነት ወገብን ደጋግሞ ስለሚዞር ቢላላ እንኳ ቶሎ አይወድቅም። ወደ ሐጅ የሚሄዱ ሙስሊም ወንድሞቻችንም ኢሕራም ስፌትና ኪስ የሌለው ልብስ ስለ ሆነ ኪስ ያለው ሰፊ ቀበቶ ይታጠቃሉ። አንዳንድ አስመጪዎች ለሽርጥ ይህንኑ ቀበቶ አምጥተን እንሽጥ ይላሉ። ስፋቱ መልካም ነው፤ ሰፊ ቀበቶ ክብደትን በወገብ ዙሪያ ያከፋፍላል፤ አይቈርጥምም። ሆኖም ይህ ቀበቶ ለጥቂት ሳምንት መንገድ የተሰናዳ ስለ ሆነ ኪሱ ስስ ነው፤ ዓመት ሙሉ በገበያ ለሚውል ሰው አይበቃም ባይ ነኝ።

ስለ መጠኑም አንድ ቃል ልበል። የ200 ብር ኖት ከመስከረም 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከወጣ ወዲህ ሃያ ሺህ ብር አንድ መቶ ኖት ብቻ ነው፤ ቀድሞ በመቶ ብር ኖት ሁለት እስር ይሆን ነበር። ስለዚህ የገንዘቡ ክፍል ከቀድሞው ቢያንስ አይጐዳም። በአንጻሩ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ብዙ ነጋዴ ስልኩ ሁለተኛ ካዝናው ሆኗል፤ ስልክም በሽርጥ ላይ ሌላ ማደሪያ የለውም። ቦርሳው ኖት ሳይታጠፍ የሚገባበት ክፍል፤ ለስልክ የተለየ ክፍል፤ ለሳንቲምም ትንሽ ኪስ ሊኖረው ይገባል። ከዚህ በላይ ኪስ ማብዛት ገዢውን ማታለል ነው፤ ሰው ብሩን የት እንዳስቀመጠ ሲፈልግ ገበያ ያልፈዋል። ክዳኑም ወደ ገላ በኩል ቢከፈት የሌባ እጅ አይደርስበትም።

የሚሠራበት ነገር ምን ይሁን? መተሐራ ከባሕር ወለል 950 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት። በዚያ ሙቀትና ላብ ሰው ሠራሽ ቆዳ ላዩ ይሰነጠቅና እንደ ቅርፊት ይላጣል። ዚፕ አቧራ ሲገባበት ይነክሳል። የብረት ዘለበት ከላብ ጨው የተነሣ ይዝጋል፤ ልብስንም ያበላሻል። ክዳን ያለው፤ የነሐስ ዘለበት የተደረገበት፤ ጫፎቹ በወፍራም ክር ሁለት ጊዜ የተሰፉ እውነተኛ ቆዳ ይሻላል። ቀበቶው ከከብት ቆዳ፤ ገበሩ ከበግ ቢሆን መልካም ነው፤ የበግ ቆዳችን ለጓንት በውጭ አገር የታወቀ ቢሆንም ለቀበቶ ግን ይለጠጣል። በክሮም የለፋው ቆዳ ለስላሳ ነው፤ በዕፅ ቅርፊት የለፋው ጠንከር ብሎ ቅርጹን ይጠብቃል፤ ለቀበቶው የኋለኛውን ብታዝዙ አትጸጸቱም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ያ የፕላስቲክ ቦርሳ ከጅቡቲ መጥቶ ጕምሩክ የተፈተሸው በሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። ሞጆ ደግሞ የቆዳ ፋብሪካዎች ከተማ ናት፤ ከአዳማም 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። የውጭ ምንዛሪ ከፍለን ያስመጣነው የውሸት ቆዳ፤ እውነተኛው በሚለፋበት ከተማ አልፎ መጣ። በዋጋ ረገድ የቆዳው ቦርሳ ከፕላስቲኩ እንደሚወደድ አልክድም። ባለሱቆችም «ደንበኛ ርካሹን ነው የሚጠይቅ» ይሉኛል። እውነት ነው፤ የሚጠይቀው ግን በመጀመሪያው ጊዜ ነው። ሁለት ጊዜ የተሰበረበት ሰው ሦስተኛውን ከእኛ አይገዛም።

የአገራችን ቆዳ ሠሪዎችንም ያለ ወቀሳ አላልፋቸውም። አብዛኞቹ የሚሠሩት ለጐብኚ የሚሸጥ ጌጠኛ ቦርሳ ነው፤ ዘለበታቸው ስስ ነው፤ ሁለት ጊዜ ስታዙአቸው ሁለት ዐይነት ልክ ይልኩላችኋል። ስለዚህ ትእዛዝ ስትሰጡ በቃል አትስማሙ፤ ናሙና አሠርታችሁ፤ አንድ ሽርጥ ለባሽ ሰው አስታጥቃችሁ፤ ቁጭ ብሎ፤ ተነሥቶ፤ ሸክም አንሥቶ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። የተስማማበትንም ናሙና ማኅተም አድርጋችሁ በመሥሪያ ቤታችሁ አኑሩ፤ የሚመጣው ዕቃ ከእሱ ጋራ እየተመዘነ ይቀበላል።

በመጋዘናችን የቀሩትን የፕላስቲክ ቦርሳዎች በተመለከተ አሠሪዬ በቅናሽ ይሸጡ ብለው ነበር። እኔ ግን ሱሪ ለሚለብሱ ተማሪዎችና የሱቅ ሠራተኞች ብቻ እንዲሸጡ፤ ሽርጥ ለባሽ ገዢ ሲመጣም ለእሱ እንደማይሆን በግልጽ እንዲነገረው ጠይቄ ፈቅደውልኛል። ለመተሐራው ደንበኛችንም አንድ ቀበቶ ሠሪ በልካቸው የቆዳ ቦርሳ እየሰፋላቸው ነው፤ ዘለበቱን ራሳቸው መርጠዋል።