መጥረቢያው የገበሬ፣ ሄሊኮፕተሩ የጎረቤት

በአሰቦት ጣቢያ በኩል የሚያልፈው አሮጌው የጅቡቲ ሐዲድ የጫነው ቡናና ነጋዴ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ወደቡ የወረደው በዚሁ መስመር ነው። በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደቁ። ክብር ይገባቸዋል፤ በእነሱ ላይ አንዳች ክፉ ቃል የለኝም።

ጥያቄዬ ለላኪው ነው። ሻለቃ ጦር ባሕር አሻግሮ ፑሳን ማድረስ የቻለ አገር፣ ተራራው ሲነድ አንድ የመቶ ጦር የት ያገኛል?

የማወራው ስለ ሩቅ ነገር አይደለም። በ2004 ዓ.ም. በጋ የአሰቦት ደብረ ወገግ ገዳም ደን ተቃጥሏል። እሳቱን በቅጠልና በአፈር የታገሉት መነኮሳቱ፣ የአካባቢው ሰዎችና ከሌላ ከተማ የመጡ ወጣቶች ነበሩ። በዚያው በጋ፣ የካቲት ወር ላይ፣ ሠራዊታችን ሶማሊያ ውስጥ ባይደዋን ያዘ። ባይደዋ የሚያደርስ ነዳጅ፣ ስንቅና መኪና ነበረን ማለት ነው።

ከዚያስ ተማርን? በ2011 የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት ባለሙያ ከእስራኤል መጣልን። ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ መሬት ሲናድ ሕዝቡ ወገኑን በአካፋና በባዶ እጁ ሲቆፍር ዓለም አየ። ሊያድኑ ከሮጡት ውስጥ ብዙዎቹ በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። ጀግንነታቸውን እናደንቃለን፣ እሺ። ግን ጀግንነት የሚበዛው መሣሪያና ሥልጠና ያለው ሰው በጠፋበት ቦታ መሆኑን አትርሱ።

«ሠራዊቱ እኮ ሰብል ያጭዳል፣ ችግኝ ይተክላል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ በቴሌቪዥን አይተናል፤ ደስም ይላል። ግን በጎ ፈቃድ ሌላ፣ ግዴታ ሌላ። ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 87 ላይ ግለጡት። ሠራዊቱ ሉዓላዊነትን ይጠብቃል፣ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ ደግሞ የሚሰጠውን ተግባር ይፈጽማል ይላል። ወታደር ለውስጥ ጉዳይ የሚመጣበት፣ በስሙ የተጻፈለት በር ይኸው አንዱ ነው።

የዚያን በር ትርጉም ደግሞ የሐረርጌ ልጅ ያውቀዋል። በ2008 ኤልኒኞ ያመጣው ድርቅ ምዕራብ ሐረርጌን ክፉኛ መታ፤ በአገር ደረጃ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ለዚያ ሁሉ ረሃብ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አልታወጀም። መስከረም 2009 ላይ ግን ታወጀ፤ ለተቃውሞ ሰልፍ። ስለዚህ እኛ ጋ «አስቸኳይ ጊዜ» ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ኮማንድ ፖስት ነው እንጂ ውሃ የጫነ ቦቴ አይደለም።

አሜሪካኖችም ይህን ዋጋ ከፍለዋል። በነሐሴ 2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ሉዊዚያናን ሲመታ፣ የግዛቲቱ ብሔራዊ ዘብ 3,000 ያህል ወታደሮች ኢራቅ ነበሩ። ለእነሱ ግን ቢያንስ አገረ ገዥዋ የምታዘው የቀረ ኃይል ነበር። የእኛ ክልሎች ልዩ ኃይል በ2015 ፈረሰ። መፍረሱ ልክ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ላቆየው። ለክልል የቀረው ፖሊስና ሚሊሻ ነው፤ ሚሊሻው ደግሞ ያው መጥረቢያውን ይዞ የሚሮጠው ገበሬ ነው።

«ሶማሊያ የባዕድ ጦርነት አይደለም፤ ደጃችን ነው» የሚለውንም ክርክር አከብራለሁ። ሐምሌ 2014 አልሸባብ ድንበር ጥሶ ገብቷል። ደጅን መጠበቅ ግድ ነው። ግን ደጅ የሚጠበቀው ውስጥ ለሚኖረው ሰው ነው። ዘበኛ ቀጥሮ ቤቱ ሲቃጠል ውሃ የሚያቀብል ያጣ አባወራ፣ ብልህ ነው አይባልም።

«ወታደር ወደ ሰፈር ይግባ» እያልኩም አይደለም። ጠመንጃ ይዞ የሚመጣ አዳኝ አንፈልግም። የምፈልገው ሕግ ነው። አንደኛ፣ ለእሳት፣ ለጎርፍና ለናዳ ሠራዊቱ ያለ አስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ፣ ያለ ጠመንጃ፣ በሲቪል አዛዥ ሥር እንዲጠራ ይፈቀድ፤ በስንት ሰዓት መድረስ እንዳለበትም ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከመሐንዲስ፣ ከሕክምናና ከሄሊኮፕተር ክፍሎች የተወሰነው ድርሻ ለአገር ውስጥ አደጋ ይቀመጥ፤ ለየትኛውም ዘመቻ አይነካ። ሦስተኛ፣ ወደ ውጭ ጦር ሲላክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት «ስንት ይሄዳል?» ብቻ ሳይሆን «ለቤት ማን ቀረ?» ብሎ በአደባባይ ይጠይቅ።

በጀቱ የሁላችንም ነው፤ የጫት ገበሬው ግብርም አለበት። የመረጣችሁት ተወካይ ካለ፣ ሦስተኛዋን ጥያቄ ዛሬውኑ ላኩለት። የሚቀጥለው በጋ ሩቅ አይደለም።