የምሁር ካባ የደረበ ማስታወቂያ

ተመራማሪዎች ሥራቸውን በሚያስቀምጡባቸው ድረ ገጾች ላይ አንድ ለየት ያለ «ምሁር» በብዛት ይታያል። ስሙ ተሟልቷል፤ የሕይወት ታሪኩ በሚጻፍበት ቦታ ግን የቁማር ድርጅት አድራሻ፣ የክብደት መቀነሻ ክኒን ወይም የአየር መንገድ ደንበኞች አገልግሎት ነኝ የሚል አጭበርባሪ ስልክ ቁጥር ሰፍሯል። የጻፈው ጥናት አንድም የለም።

ብዙዎች ነገሩን ተጠርጎ የሚያልቅ ተራ ቆሻሻ አድርገው ያዩታል። ጥፋቱ ግን ከአስተዋዋቂው ይልቅ የመድረኩ ነው። አስተዋዋቂው ወደዚህ የሚመጣው ተመራማሪ ፈልጎ አይደለም፤ የፍለጋ ሞተሮች ለምርምር ድረ ገጾች ያላቸውን አመኔታ ለመበደር ነው። መድረኩም ማንነቱን ሳይጠይቅ ያበድረዋል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው የተመራማሪዎች መለያ ሰጪ ድርጅት ኦርሲድ ለተመዘገበ ሁሉ ባለ 16 አሃዝ መለያ ይሰጣል፤ የተመዝጋቢውን ማንነት ግን አያጣራም። መለያው ስመ ሞክሼዎችን ለመለየት እንጂ ለምሁርነት ምስክር እንዲሆን አልተሠራም። ይህን የማያውቅ አንባቢ ግን ቁጥሩን ሲያይ የተጣራ ይመስለዋል።

ማስታወቂያው እንኳ ቀላሉ ነው። ያው ልቅነት ሲብስ ሳይንሱን ራሱን ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የግሬኖብሉ ተመራማሪ ሲሪል ላቤ፣ አይክ አንትካር የሚባል በዓለም ላይ የሌለ ሳይንቲስት ፈጠረ። ኮምፒዩተር የቀባጠራቸውን ከ100 በላይ ጽሑፎች እርስ በርስ አጠቃቅሶ፣ የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው ጉግል ስኮላር ላይ የተጠቃሽነት መለኪያውን፣ ኤች ኢንዴክሱን፣ 94 አደረሰው፤ አይንስታይንንም አስከነዳው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ሴጅ የተባለው አሳታሚ ከአንድ ጆርናል ብቻ 60 ጽሑፎችን ሰረዘ። እስከ 130 የሚደርሱ የሐሰትና የተሰረቁ ማንነቶች ገምጋሚ ሆነው የገዛ ወገናቸውን ጽሑፍ ሲያሳልፉ ኖረዋል። ሁለቱንም ያስቻለው ስምን ያለ ማጣራት መቀበል ነው።

መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበው «የተቋም ኢሜይል የሌለው አይግባ» የሚል ነው። ይህ ሌባውን ትቶ ባለቤቱን ማሰር ነው። አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር በጂሜይል የሚጻጻፍ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሞልቷል። ጡረታ የወጣም፣ በግሉ የሚያጠናም አለ። አጭበርባሪው ግን የተሰረቀ የተቋም ኢሜይል ገዝቶ ይገባል።

ምዝገባው ለሁሉም ክፍት ይሁን፤ ገጹ ግን ባለቤቱ አንድ የተረጋገጠ ሥራ እስኪያሳይ፣ ወይም ተቋም አለዚያም የሙያ ባልደረባ እስኪመሰክርለት ድረስ ለፍለጋ ሞተር አይታይ። ያኔ አስተዋዋቂው የመጣበትን ጥቅም ያጣል፤ ጀማሪው ተመራማሪ ግን ጥቂት ቢዘገይ እንጂ ደጅ አይቀርም።

መድረኮቹ «የተመዝጋቢው ብዛት ለማጣራት አይመችም» ማለታቸው አይቀርም። በዚያው ብዛት ግን ይኮሩበታል፤ ባለሀብትም ይስቡበታል። በቁጥሩ የሚጠቀም ሁሉ፣ የቆጠረው ሰው መሆኑን የማጣራት ወጪውንም ይሸከም።