ዘብ ይቀየራል፤ እናትስ?

የቤተሰብ ዓምድ



በጦር ሰፈር የኖረ ሰው ሁሉ የዘብን ሥርዓት ያውቃል። በሌሊት በበሩ ላይ የቆመ ወታደር የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ ሰዓቱ ሲደርስ ተተኪው መጥቶ ይረከበዋል። ይህም የሚደረገው ለዘበኛው በመራራት ብቻ አይደለም፤ የደከመ ዓይን ሰውን ከቁጥቋጦ ለይቶ ማየት እንደሚሳነው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ስለሆነ ነው። ስለዚህ በሠራዊት ዘንድ ዕረፍት የጥበቃው አንድ ክፍል እንጂ የስንፍና ምልክት አይደለም። ወደ ቤታችን ስንገባ ግን ይህን ሕግ የምንረሳው ለምንድን ነው?

ጥያቄውን ወደ ልባችን ያመጣችው አንዲት የአሥር አለቃ ባለቤት ናት። ባለፈው ሰሞን ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ ሳሙና ተጠቅልሎበት የመጣውን ባለቀለም የመጽሔት ገጽ ዘርግታ ታይ ነበር። በሥዕሉ ላይ ሴቶች ነጭ አሸዋ ላይ፣ በኮኮናት ዛፍ ጥላ ሥር፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተጋድመዋል። ጽሑፉም በዛንዚባር ደሴት ለሴቶች ብቻ የተዘጋጀ የሰባት ቀን የዕረፍትና የጤንነት ቆይታ መሆኑን ይገልጻል። ገጹ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንዷ «ሥራ የፈቱ ናቸው» አለች፤ ሌላዋ የባሕሩን ቀለም አደነቀች፤ ሳቅም ሆነ። የገጹ ባለቤት ግን ሥዕሉን አጥፋ እያስቀመጠች፣ «ልጆቻቸውን ማን ይዞላቸው ይሆን?» አለች። ሳቁ ቆመ። እኛም ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩን ስናሰላስል ሰንብተን፣ ስለዚህ ዓይነቱ ቆይታ የምናውቀውን ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል ወሰንን።

ዛንዚባር በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ፣ ከታንዛኒያ ጠረፍ ማዶ የሚገኝ የደሴቶች ስብስብ ሲሆን፣ ዋነኛዋ ደሴት ኡንጉጃ ትባላለች። ከምድር ወገብ በስተደቡብ በ6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ናት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት «ማሲካ» የሚባለው ከባድ ዝናብ ይወርድባታል፤ በጥቅምትና በኅዳር ገደማ ደግሞ «ቩሊ» የሚሉት ቀላል ዝናብ ይጎበኛታል። በ19ኛው መቶ ዓመት የኦማን ሱልጣኖች መቀመጫቸውን ወደዚህች ደሴት አዛውረው የቅርንፉድ እርሻ አስፋፉባት፤ ዛሬም ድረስ የቅመም ደሴት የሚለውን ስም ይዛ ትኖራለች። ከድንጋይ የተሠራችው አሮጌ ከተማዋም በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች።

ለሴቶች የሚዘጋጁት ቆይታዎች በብዛት የሚገኙት እንደ ፓጄና ጃምቢያኒ ባሉት የምሥራቅ ዳርቻ መንደሮች ነው። የአንዱ ቀን ውሎ በአብዛኛው እንዲህ ያለ መልክ አለው። ሴቶቹ ፀሐይ ሳትወጣ ተነሥተው በባሕሩ ዳር ዮጋ የሚባለውን፣ ትንፋሽን ከሰውነት እንቅስቃሴ ጋር የሚያስማማ ልምምድ ይሠራሉ። ቁርስ ሌላ ሰው አዘጋጅቶ ያቀርብላቸዋል። ከዚያ ይዋኛሉ፤ ወይም ይተኛሉ። ከሰዓት በኋላ ሰውነታቸው በኮኮናት ዘይት ይታሻል፤ ማታ ተቀምጠው ያወራሉ፤ አለዚያም ዝም ይላሉ። በአንዳንዱ ቦታ ስልካቸው ሳይቀር ተሰብስቦ ይቀመጣል። በእኛ አገር ለዚህ የሚቀርበውን ቃል ብንፈልግ፣ ከዕለት ኑሮ ተለይቶ መሰንበቱን ብቻ ስናይ፣ ክርስቲያኑ ሱባኤ፣ ሙስሊሙ ኸልዋ የሚለውን ያስታውሳል።

ከሚቀርቡላቸው ነገሮች መካከል «ሲንጎ» የሚባለው የደሴቲቱ የራሷ ነው። ጽጌረዳ፣ ያስሚን፣ ቅርንፉድ፣ ሰንደልና ሌላም መዓዛ ያለው አበባ ተወቅጦና ተለውሶ ገላ የሚታሽበት ሲሆን፣ በጥንቱ ልማድ ሙሽራን ለሠርጓ የሚያዘጋጁበት ነው። ይህን ያነበበች የጎንደር ወይም የወሎ ሴት ወይባዋን፣ የሱዳን ጎረቤታችንም «ዱኻን» የምትለውን የጢስ መታጠኛዋን ማስታወሷ አይቀርም። እንግዲህ ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሸጠው ነገር በአካባቢያችን ያሉ እናቶች ለልጆቻቸው ሲያደርጉት የኖሩት ነው ማለት ነው። ወይባን ካነሳን አይቀር ግን አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዘኛ አየር ስለሚፈጥር ሕይወት ያጠፋል፤ በርና መስኮት ይከፈት፤ ብቻዋን የምትታጠን ሴት አትኑር። ነፍሰ ጡርና የመተንፈሻ ሕመም ያለባት ደግሞ ብትተወው ይሻላታል።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ሰውን የሚፈውሰው የትኛው ነው? በማስታወቂያው ላይ «ከሰውነት መርዝን ያወጣል» ተብሎ የሚጻፈውን አትመኑ፤ የጤነኛ ሰው ጉበትና ኩላሊት ይህን ሥራ ሌት ተቀን ያለ ክፍያ ይሠራሉ። መታሸት የተወጠረ ጡንቻን ያላላል፤ ቀስ ያለ ረጅም ትንፋሽ የልብን ምት ያረጋጋል፤ የሰውነት እንቅስቃሴ እንቅልፍን ያሻሽላል፤ ይህ እውነት ነው። እኛ እንደተረዳነው ግን ከባሕሩም ከዘይቱም የሚበልጠው ሌላ ነው። ለሰባት ቀን ሴቲቱን «እማዬ፣ ራበኝ» ብሎ የሚጠራት የለም። እንጨቱ፣ ውሃው፣ ልብሱ፣ ምጣዱ በሌላ ሰው እጅ ነው። በአጭሩ እዚያ የሚሸጠው ዋናው ዕቃ ተተኪ ነው።

ይህንም በግልጽ የሚያሳየን ከዚያው ዳርቻ ፊት ለፊት ያለው ሥራ ነው። የባሕሩ ውሃ ሲሸሽ የመንደሩ ሴቶች እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ጎንበስ ብለው ይሠራሉ። በስዋሂሊ «ምዋኒ» የሚባለውን የባሕር ሣር በካስማዎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ እያሰሩ ይተክላሉ፤ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ሰብስበው በፀሐይ ያደርቁታል። ለገበያ የሚሆነው እርሻ በፓጄና በጃምቢያኒ የተጀመረው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከሣሩ የሚወጣው አወፋሪ ነገር ለምግብና ለጥርስ ሳሙና ይውላል። ገበሬዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ባሕሩ እየሞቀ በመሄዱ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ዝርያ ጥልቀት በሌለው ውሃ እየሞተ አስቸግሯቸዋል፤ ወደ ጥልቁ እንዳይገቡ ደግሞ ብዙዎቹ ዋና አያውቁም። አንዳንዶቹ በፓጄ ተሰባስበው ከሣሩ ሳሙናና ቅባት እየሠሩ ለእንግዶች በመሸጥ ገቢያቸውን አሻሽለዋል። ቢሆንም ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ሁለተኛው ሥራ ይጠብቃቸዋል። በአንድ ዳርቻ፣ በአንድ ፀሐይ ሥር፣ አንዷ ሴት ታርፋለች፤ ሌላዋ ሳታርፍ ትውላለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ተተኪ ማግኘትና አለማግኘት ነው።

ነገር ግን የዛንዚባር ሴትም ብትሆን በሕይወቷ ውስጥ የምታርፍበት የታወቀ ጊዜ አላት። ስትወልድ በስዋሂሊ «አሮባይኒ» የሚባለውን 40 ቀን እናቷና ባልቴቶች እየተንከባከቧት በቤት ትቆያለች። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በእኛም አገር አራስ ገንፎዋ ተገንፍቶላት፣ ቅቤዋ ተቀብታ፣ ከደጅ ሳትወጣ የምትሰነብትበት ልማድ አለ። አያቶቻችን ዮጋን አያውቁም ነበር፤ የወለደች ሴት ተተኪ እንደምትፈልግ ግን አሳምረው ያውቁ ነበር።

ችግሩ የወታደር ባለቤት ከዚህ ልማድ ተነጥላ መኖሯ ነው። ባሏ በተመደበበት ስትከተል እናቷ ያለችው በሌላ ክፍለ ሀገር ነው፤ እኅቷ ያለችው በሌላ ከተማ ነው፤ ጎረቤቷም እንደ እርስዋ ከትናንት ወዲያ የመጣች ናት። የዓለም የጤና ድርጅት ጉባኤ በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የሕመሞች መዝገብ ከሥራ ውጥረት የሚመጣው ዝለት ስፍራ አግኝቷል፤ ይሁን እንጂ መዝገቡ የሚናገረው ስለ ሥራ ገበታ ብቻ ነው። ያለ ደመወዝ፣ ያለ ዓመት ፈቃድ የሚሠራው የቤት ሥራ በዚያ አልተቆጠረም። ባይቆጠርም ያደክማል።

ስሟንና ሰፈሯን የማንጠቅሳት አንዲት እኅታችን የገጠማትን እንንገራችሁ። ባሏ ለግዳጅ በራቀበት ወቅት ሦስተኛ ልጇን ወለደች። በ12ኛው ቀን ጀሪካን ይዛ ውሃ ስትቀዳ ታየች፤ ጎረቤት ሁሉ «ብርቱ ናት» አለ። ከዚያ ሰላምታ መመለስ ተወች። ሕፃኑ እያለቀሰ እርስዋ ግድግዳውን ትመለከት ጀመር፤ ልጁ ሲተኛ እንኳ እንቅልፍ አልወስዳት አለ። ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋሉት በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤት ነበሩ። ያስተዋሉትም በሌላ አይደለም፤ ከማድ ቤቷ ጢስ ሳይወጣ ሁለት ቀን ማለፉን አይተው ነው። ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ፤ «ምን ሆንሽ?» ብለው አላፋጠጧትም፤ ሕፃኑን ተቀብለው «አንቺ ተኚ» አሏት። በማግሥቱ ጎረቤቶቹ ተጠራርተው ወደ ክሊኒክ ወሰዷት፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት መሆኑ ተነገራት፤ ሕክምናም ጀመረች። ከዚያም አንዷ ከልጇ ደብተር ላይ ቅጠል ቀድዳ የቀን ተራ ጻፈች፤ ሰኞ ውሃ የምትቀዳው፣ ማክሰኞ እንጀራ የምትጋግረው፣ ትልልቆቹን ልጆች የምታውል፣ ሌሊት ሕፃኑን አቅፋ እናቲቱን የምታስተኛ፣ ሁሉም በየስሟ ተጻፈች። ባልየው በፈቃድ ሲመጣ ወረቀቷን ግድግዳው ላይ ተለጥፋ አገኛት። ቆሞ እንደ ዘብ ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አነበባት። ከዚያ እርሳስ አንሥቶ በፈቃዱ ቀናት በሌሊቱ ተራ ላይ የራሱን ስም አስገባ።

ወንድሞቻችን ሆይ፤ ዛንዚባር ሩቅ ነው፤ ዋጋውንም ብንጽፍላችሁ ከመገረም በቀር የሚጠቅማችሁ የለም። በፈቃድ የመጣ ወታደር ግን አንድ ሌሊት ልጅ ማባበል፣ አንድ ጧት ባለቤቱን እስኪበቃት ማስተኛት፣ አንድ ቀን ልጆቹን ይዞ ወጥቶ ቤቱን ጸጥ ማሰኘት ይችላል። «እኔም ደክሜ ነው የመጣሁት» የሚለው መልስ እውነት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን እናንተ የመጣችሁት ተተኪ ወደ ቦታችሁ ገብቶ ነው፤ እርስዋ ግን ገና አልተቀየረችም።

እኅቶቻችን ሆይ፤ ከወለደች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስና ሆድ መባስ በብዙ ሴቶች ላይ የሚታይ ነው፤ ያልፋልም። ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ፣ ወይም ራስን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን፣ ያ ሕመም ነው፤ ይታከማል፤ በተለይም የመጉዳት ሐሳብ ሲመጣ አንድ ቀን እንኳ ሳይታደር ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። መታመሙ ነውር አይደለም፤ የጎረቤትን ሕመም አይቶ ዝም ማለቱ እንጂ።

ስለዚህ በየሰፈራችሁ ከአምስት ወይም ከስድስት ቤት ያላነሳችሁ ተሰባሰቡ፤ እንደ ዕቁብ ገንዘብ ሳይሆን የዕረፍት ተራ ጣሉ። ዕጣው የደረሳት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ልጆቿን ለሌሎቹ ሰጥታ ትተኛ፤ ወይም ትታጠብ፤ ወይም ዝም ብላ ጥላ ሥር ትቀመጥ። ምን እንደሠራችበት አትጠየቅ።

ያቺ የአሥር አለቃ ባለቤት የመጽሔቱን ገጽ አልጣለችውም፤ ከመስታወቷ ሥር ሰክታዋለች። ባለፈው ዓርብ ስንጠይቃት «ባሕሩን ልይ ብዬ አይደለም» አለችን፤ «የሐሙስ ተራዬ እንዳይረሳኝ ነው።»

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ፣ ደኅና ሰንብቱ።