እሳት ሳይጠፋ አይተኛም

በዚህ ሳምንት የደረሰን ደብዳቤ አጭር ቢሆንም ደጋግመን እንድናነበው አስገድዶናል። ጸሐፊዋ የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት ናቸው። ባለቤታቸው ወደ ደጋ ጦር ሠፈር ከተዛወሩ ወዲህ አራስ ልጃቸውን ይዘው ባለ አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ የመስኮቱንና የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወትፈው፣ የከሰል ምድጃ ከአልጋው አጠገብ አድርገው ያድራሉ። ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን ይፈልጣቸዋል፤ ያቅለሸልሻቸዋል። አማታቸው «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሽተው ይቀቧቸዋል። ውኃ ለመቅዳት ወጣ ሲሉ ሕመሙ ይለቃቸዋል፤ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። አሁን በውጭ አገር የሚኖሩ ወንድማቸው በጋዝ የሚሠራ ትንሽ ማሞቂያ ልከውላቸዋል። ይህንን ሌሊቱን ሙሉ አብርተው ማደር ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

እኅታችን ሆይ፤ መልሳችንን አስቀድመን እንንገርዎ፤ አይችሉም። ከዚያም በፊት ዛሬ ማታ የከሰሉን ምድጃ ከቤት ያውጡ። ሳይውሉ ሳያድሩ ሕፃኑን ይዘው ወደ ክሊኒኩ ይሂዱና በተዘጋ ቤት ከከሰል እሳት ጋር ሲያድሩ መሰንበትዎን ለሐኪሙ ይንገሩ። ከቤት ሲወጡ የሚለቅ፣ ገብተው ሲያድሩ የሚመለስ ራስ ምታት የምች ጠባይ አይደለም። አማትዎ በቅንነት ያደረጉት ነው፤ ነገር ግን ዳማከሴ ተቀብቶ፣ በር ተዘግቶ፣ ተሸፋፍኖ መተኛት ችግሩን ያባብሰዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም፤ አያስልም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር፣ ኦክስጅን ራሱ ከሚጣበቅበት ኃይል ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። ስለዚህ ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል። ብዙዎቻችን «ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ አይጎዳም» እንላለን። ይህ አነጋገር ስንት ቤት እንደዘጋ እግዜር ይወቀው። በቀላው ፍም ላይ የምትጫወተውን ሰማያዊ ነበልባል ያላየ የለም፤ እርሷ ይኸው ጋዝ ሲቃጠል የሚታየው ናት። ሳይቃጠል የተረፈው ወደ ቤቱ ይገባል። ከምድጃው አጠገብ ውኃ በሣህን ማስቀመጥም አያድንም፤ ጋዙ በውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟምና። ክብደቱም ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ በክፍሉ ውስጥ እኩል ይዳረሳል፤ አልጋ ላይ መተኛትና መሬት ላይ መተኛት ልዩነት የለውም።

የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ይህን የሚጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ወጣት ወታደር ሳለሁ አንድ ሌሊት ከዘብ ወርደን አራት ሆነን በጠባብ የቆርቆሮ ክፍል አደርን። ቡና የተፈላበትን ምድጃ «ፍሙ አይባክን» ብለን አስገባነው፤ በሩንም በካቦርት ጋረድነው። ሌሊት ለሽንት ስነሣ ጉልበቴ ከዳኝ። ልቤ እያወቀ እግሬ አልታዘዝ አለ። በደረቴ ተስቤ በሩን በራሴ ገፋሁት፤ መጮኽ የቻልሁት ቀዝቃዛው አየር ሲመታኝ ነው። ተረኛው ዘብ ደርሶ ሦስቱን ጎትቶ አወጣ። ሁሉም ተረፉ፤ በማግስቱም እየተቀላለድን ሳቅንበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ከሁላችን ንቁ የነበረው ጓዳችን የሳጥኑን ቁልፍ የት እንዳኖረ፣ ቀጥሎም የራሱን መለያ ቁጥር መርሳት ጀመረ። ይህ ጋዝ አንዳንድ ጊዜ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ አእምሮን እንደሚጎዳ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እናቱ ሊወስዱት የመጡ ዕለት ሊሰናበተኝ ፈልጎ ስሜ ጠፋው።

አሁን ወደ ማሞቂያው እንመለስ። ወንድምዎ የላኩት ዓይነት በውጭ አገር መኪናን እንደ ቤት አሠርተው የሚጓዙና በድንኳን የሚያድሩ ሰዎች የሚገለገሉበት ሲሆን፣ ፕሮፔን የተባለውን ጋዝ ያነዳል። በደንብ ሲነድ ከከሰል ይልቅ ንጹሕ ነው። ጥላሸት ካወጣ ወይም ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ከተንቦገቦገ ግን ወዲያው ይጥፋ። ብዙዎቹ የኦክስጅን መጠባበቂያ አላቸው፤ በንጹሕ አየር ውስጥ 21 ከመቶ የሆነው ኦክስጅን ወደ 18 ከመቶ ሲወርድ ጋዙን ይዘጋል። መልካም መሣሪያ ነው፤ ይሁን እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይለካም። ደግሞም እንደ ደብረ ብርሃን ባለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሥፍራ አየሩ ስስ በመሆኑ ማሞቂያው ያለ ምክንያት የሚጠፋ ይመስላል። ከ2,100 ሜትር በላይ ይህ ሊያጋጥም እንደሚችል አንዳንድ አምራቾች ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። ባለቤትዎ ወታደር ናቸውና የተበላሸ መስሏቸው ሊፈቱት ይነሡ ይሆናል። እባክዎ አይፍቀዱላቸው።

አፉ ከእኛ አገር ሲሊንደር ጋር ካልገጠመም በጎማና በሽቦ ማያያዝ ሞትን መጥራት ነው። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ሾልኮ ሲወጣ ወደ መሬት ይወርዳል፤ እዚያ ደግሞ ፍራሹና ምድጃው ይጠብቁታል። መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አይፈትሹ። ሲያበሩት ነቅተው፣ መስኮቱን ከላይ በሩን ከታች ገርበብ አድርገው፣ ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ አንድ ሜትር ያህል አርቀው ይሁን። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይለቃል፤ በተዘጋ ቤት ቆርቆሮው ላብ የሚያንጠባጥበውና ብርድ ልብሱ የሚረጥበው ስለዚህ ነው። ቤቱ ሞቆ ሊተኙ ሲሉ ከሲሊንደሩ ላይ ይዝጉት። ለሌሊቱ የሞቀ ውኃ በጠርሙስ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ከእግርዎ ሥር ያኑሩ፤ ከሕፃኑ ገላ ግን ያርቁት።

ሾፌሮቻችንም ሞተር አስነሥታችሁ ጋቢና ዘግታችሁ የምታንቀላፉ አላችሁ። በየካቲት 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት በብርዱ ማዕበል መብራት ሲጠፋ፣ ቤታቸውን በከሰል፣ በጄኔሬተርና በመኪና ሞተር ለማሞቅ የሞከሩ ብዙ ሰዎች በዚሁ ጋዝ ተመርዘዋል፤ በሂዩስተን ከተማ ሕይወታቸውን ካጡት መካከል ኢትዮጵያውያንም ነበሩበት።

ሰው ታፍኖ ቢገኝ በሩ ይከፈት፤ ሰውየው ወደ ውጭ ይወሰድ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሎሚም በአፉ አይፈሰስ፤ ይታነቃል። ቢነቃም «ዳነ» ተብሎ አይተው። በደሙ ውስጥ ያለው መርዝ በተራ አየር ግማሽ ለመሆን ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ በክሊኒክ ኦክስጅን በጭምብል ሲሰጠው ግን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ የማሕፀኑ ልጅ ከእናቱ ይልቅ ስለሚጎዳ፣ ደኅና ነኝ ብትልም ትወሰድ።

እንግሊዞች እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ወደ ከሰል ማዕድን ጉድጓድ ሲወርዱ ካናሪ የተባለች ወፍ በቀፎ ይዘው ይገቡ ነበር፤ ወፏ ከሰው ቀድማ ትወድቃለችና። ዛሬ ያንን የምትተካ፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል አለች። የጭስ ደወል ሌላ ነው፤ አያምታታዎት። ወንድምዎ ከማሞቂያው ቀድመው ይህችን ልከው ቢሆን በወደድን ነበር። ምስጋናዎን ሲጽፉላቸው ከነባትሪዋ ይጠይቋቸው፤ ስትደርስም በትራስዎ ከፍታ ይስቀሏት። የሕፃኑን ስም አልነገሩንም፤ ከክሊኒኩ ሲመለሱ ስለ ሁለታችሁም ይጻፉልን።