ያልተከለከለ መብራት ሁሉ የተፈቀደ አይደለም

መኪና ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ስለሚገጠሙለት የጌጥ መብራቶች በአሜሪካ በስፋት የሚሰማው አስተያየት፣ ሕግ በስም ጠቅሶ ያልከለከለው መብራት ሁሉ እንደተፈቀደ ይቆጠራል የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ በብዙ የኑሮ ዘርፍ የሚደገፍ የነጻነት መርህ ቢሆንም፣ ወደ ተሽከርካሪ መብራት ሲዛወር የሕጉን ቃልም ዓላማም ይገለብጣል።

የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ ለዚህ በቂ ማሳያ ነው። አንቀጽ 24003 ሕጉ ያላዘዘው ወይም ያልፈቀደው መብራት በተሽከርካሪ ላይ እንዳይገጠም ስለሚደነግግ፣ የጌጥ መብራት የሚገጥም ሰው መፈለግ ያለበት ክልከላውን ሳይሆን ፈቃዱን ነው። ፈቃዱ የሚገኘው በአንቀጽ 25400 ሲሆን፣ እርሱም የተበተነና ዓይን የማይወጋ ብርሃን እንዲገጠም ቢፈቅድም፣ ድምቀቱ በአንድ ስኩዌር ኢንች ከ0.05 ካንዴላ (ካንዴላ የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ነው) እንዳይበልጥ፣ ወደ ፊት ቀይ እንዳያሳይና ግዴታ ከሆኑት መብራቶች በ12 ኢንች ርቀት ውስጥ እንዳይሆን ያስገድዳል።

ገደቡ ጌጥን ከመጥላት የመጣ አይደለም። በጨለማ የሚነዳ ሰው ከፊቱ ያለው መኪና እየመጣ ወይም እየሄደ መሆኑን፣ ፍሬን መያዙን ወይም ሊታጠፍ መሆኑን የሚያውቀው ከነጩ የፊት መብራት፣ ከቀዩ የኋላ መብራትና ከፍሬቻው ነው፤ ስለዚህ የቀለም ምርጫው የባለመኪናው የግል ጉዳይ ቢመስልም፣ ብርሃኑ የሚያርፈው ስለ ምርጫው ባልተጠየቁ ሰዎች ዓይን ላይ ነው።

የሕጉ ተቺዎች 0.05 ካንዴላ በዓይን ሊለካ እንደማይችልና ውሳኔው በፖሊሱ ግምት ላይ እንደሚወድቅ ሲናገሩ እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ከዚህ እውነት የሚከተለው ገደቡ ይነሳ የሚል ሳይሆን ልኬቱ አስቀድሞ ይታወቅ የሚል መደምደሚያ ነው። ዛሬ ብዙ ሻጮች በጌጥ መብራቱ ማሸጊያ ላይ «ለሕዝብ መንገድ አይደለም» የሚል ጽሑፍ አትመው፣ በሕዝብ መንገድ ላይ እንደሚበራ እያወቁ ይሸጡታል፤ ትርፉ ለእነርሱ፣ ቅጣቱ ለገዢው ይሆናል። የፌዴራሉ ሕግም አምራች፣ ነጋዴና ጋራዥ የመኪናን የደኅንነት መሣሪያ አውቀው ከጥቅም ውጭ እንዳያደርጉ ሲከለክል፣ ይህ ክልከላ በገዛ እጁ የሚገጥመውን ባለመኪና አይመለከትም። እንግዲህ ሻጩ የመብራቱን ድምቀት በአሃዝ እንዲያስታውቅ ሕግ ቢያስገድደው፣ ገዢው ከመግጠሙ በፊት ሕጋዊነቱን ማወቅ ይችላል፤ የፖሊሱም ግምት በተጻፈ አሃዝ ይፈተናል።